ፋይል ሲዛወር ኮታው በማን ይቆጠር?

ይህን ያወራሁት አራት ኪሎ አካባቢ፣ ሰርቨር የሚያስተዳድሩና ኮድ የሚጽፉ ልጆች በተሰበሰቡበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ አውጥቼ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። የተደጋገመውን ቆርጫለሁ፣ የተጠየቅኳቸውን ጥያቄዎች ግን እዚያው ቦታቸው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።

በቀጥታ ልግባ። ኮታ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ፎልደር ዲስክ ላይ እንዲይዝ የተፈቀደለት የቦታ ገደብ ነው። እዚያው አንድ ዲስክ ውስጥ አንድ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ስታዛውሩ ዲስኩ ላይ ምን ይሆናል? ምንም ማለት ይቻላል። ፋይሉ 80 ጊጋ ይሁን 8 ኪሎባይት ለውጥ የለውም። ዳታው ካለበት ንቅንቅ አይልም። አይኖዱ (የፋይሉ ባለቤት፣ መጠንና ዳታው ያለበት ቦታ የሚመዘገብበት) ያው ነው፣ ባለቤቱም ያው። የሚለወጠው የፎልደሩ መዝገብ ብቻ ነው፤ ከዚህኛው አንድ መስመር ይፋቃል፣ እዚያኛው ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። አለቀ። ኤምቪ (የማዛወሪያው ትዕዛዝ) ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ ገና ጣታችሁን ሳታነሱ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ሪኔም የሚባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም የፋይል ስም ወይም ቦታ እንዲቀየርለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠይቅበት) እና ዲስክ ኮታ የመጡት በአንድ ስሪት ነው፣ በ4.2 ቢኤስዲ (የዩኒክስ ዝርያ)፣ እ.ኤ.አ. በ1983። ከዚያ በፊት ስም መቀየር ማለት አዲሱን ስም ለጥፎ አሮጌውን መንቀል ነበር። በሁለት እርምጃ ማለት ነው፤ መሃል ላይ ማሽኑ ከወደቀ ፋይሉ ሁለት ስም ይዞ ይቀራል። ሪኔም ይህንን ወደ አንድ አመጣው፦ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ አይሆንም። ኮታው ደግሞ የሚጠይቀው «ይሄ ፋይል የማነው?» ብቻ ነበር። ስም መቀየር ባለቤት አይቀይርም። ስለዚህ ሁለቱ ለብዙ ዓመት ሳይነካኩ ኖሩ። በርግጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች። አዲሱ መስመር የሚጻፍበት ፎልደር ከሞላና አንድ ብሎክ መጨመር ካለበት፣ የዚያ ፎልደር ባለቤት ኮታው ካለቀ፣ ሪኔሙ ራሱ «ዲስክ ኮታ ኤክሲድድ» ብሎ ሊመለስ ይችላል። የሪኔም ማኑዋል ላይ ተጽፏል። ብዙም ስለማያጋጥም እንለፈው።

ጣጣው የመጣው ኮታ ከሰው ወደ ፎልደር ሲዞር ነው።

ምሳሌ እንውሰድና እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሂድ። ፒያሳ ውስጥ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለ እንበል። ጥር ሲገባ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ ሰኞ መልስ፣ ፉቴጁ ይጎርፋል። አንድ ሰርቨር አላቸው። ትልቁ ፎልደር «ስቱዲዮ» ነው፣ ገደቡ 2000 ጊጋ፣ የተያዘው 1990። በውስጡ «ፉቴጅ» አለ፣ ገደቡ 1200። «ያለቀ» የሚባል ደግሞ አለ፣ ገደቡ 800፣ የተያዘው 700። ኤዲተሩ አንድ ሠርግ ጨርሷል፣ ፎልደሩ 80 ጊጋ ነው፣ ከፉቴጅ ወደ ያለቀ ሊያዛውረው ነው። ያለቀ ላይ 100 ጊጋ ቦታ አለ። መዛወር አለበት? አለበት። ምንም ጥያቄ የለውም። ግን ብዙ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር) ላይ አይዛወርም፣ ወይም ይዛወራል ግን ኤዲተሩ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ይፈጃል። ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ኤክስኤፍኤስን እንይ፣ ሊኑክስ ላይ ከሚሰሩት ፋይል ሲስተሞች አንዱን። ኤክስኤፍኤስ ፕሮጀክት ኮታ የሚባል ነገር አለው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ የፕሮጀክት ቁጥር ይይዛል፣ ፎልደሩ ላይ ደግሞ «ውስጤ የሚፈጠር ሁሉ የኔን ቁጥር ይውረስ» የሚል ምልክት ይደረጋል። ኤክስት 4 የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ይህንኑ ነገር በሊኑክስ 4.5፣ በ2016 ተቀብሏል። እሺ፣ አሁን ቁጥሩ 10 የሆነ ፋይል፣ ቁጥር 20 ወደሚያወርስ ፎልደር ሪኔም ሲደረግ ምን ይሆናል? ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡት። አይሆንም። ኢኤክስዴቭ።

እዚህ ጋ አንዱ ከኋላ እጁን አወጣ። «ኢኤክስዴቭ እኮ ዲስኩ ሌላ ሲሆን የሚመጣ ኤረር ነው፣ እዚህ ዲስኩ አንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ። በትክክል! አንድ ዲስክ ነው፣ አንድ ፓርቲሽን ነው፣ ፋይል ሲስተሙም አንድ ነው። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን ሆን ብሎ «ሌላ ዲስክ ነው» ብሎ ይዋሻል። ለምን? ምክንያቱም ኤምቪ ይህን ኤረር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፦ ኮፒ ያደርግና ዋናውን ያጠፋል። ኮፒ ሲደረግ አዲስ ፋይል ይፈጠራል፣ አዲሱ ፋይል ቁጥር 20ን ይወርሳል፣ ኮታው እየተቆጠረ ይጻፋል፣ አሮጌው ሲጠፋ ከ10 ላይ ይቀነሳል። ሂሳቡ ምንም አዲስ ኮድ ሳይጻፍ ተስተካከለ። ብልጥ መላ ነው፣ አልክድም።

የሚከፍለው ግን ማነው? ተጠቃሚው። 80 ጊጋ ተነቦ 80 ጊጋ ይጻፋል። ወይ ሙሉ ወይ ምንም የሚባለው ዋስትናም ይቀራል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ግማሽ ሠርግ እዚያ ይቀመጣል፣ ዋናው ሙሉውን እዚህ አለ፤ ጠዋት የገባው ሰው የትኛው እንደተሟላ አያውቅም። ደግሞ ኤምቪ ነው ኮፒ ማድረግ የሚያውቀው። ፓይተን ላይ ኦኤስ ዶት ሪኔም ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም ኮፒ አያደርግላችሁም፣ «ኢንቫሊድ ክሮስ-ዲቫይስ ሊንክ» ይላችኋል። ሹቲል ዶት ሙቭ ግን ኮፒ ያደርጋል። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው ማሽን ላይ ይሄንን ኤረር አይቶ ዲስኩን የሚጠረጥር ሰው ብዙ ነው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ኮታ ነው።

ሪፍሊንክ (ሁለት ፋይል አንድ ዳታ እንዲጋሩ የሚያስችል ነገር) የበራበት ኤክስኤፍኤስ ላይ ነገሩ ይቀላል፣ አዲስ ኤምቪ ካላችሁ ኮፒው ዳታውን ሳይደግም ብሎኮቹን ይጋራል። ኮታው ግን ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይቆጥራል፣ አሮጌው እስኪጠፋ ድረስ።

አንድ ክፍተት ደግሞ አለ፣ ቀልደኛ ነው። ፍተሻው የሚያየው መድረሻው ፎልደር የማውረስ ምልክት እንዳለው ነው። ምልክት ወደሌለው ፎልደር ካዛወራችሁ ሪኔሙ ዝም ብሎ ያልፋል። ፋይሉም አሮጌ ቁጥሩን እንደያዘ ይሄዳል። ስቱዲዮው ይህን ቢያደርግ የፉቴጅ ኮታ እንደሞላ ይቀራል፣ ፉቴጅ ፎልደር ውስጥ ግን ፋይሉ የለም። ዲዩ ብለው ይለካሉ፣ አነስተኛ ቁጥር ይመጣል። ኮታውን ይጠይቃሉ፣ ሞልቷል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፣ ምክንያቱም «ኮፒ አድርግ» ሳይሉ በትክክል መስራት ይቻላል፣ የሚሰሩም አሉ። ኤችዲኤፍኤስ፣ ፋይልን በብዙ ማሽን ላይ የሚያስቀምጠው የሃዱፕ ፋይል ሲስተም፣ አንዱ ነው። እዚያ ሪኔም ኮታ የሚያስጥስ ከሆነ ይከለከላል፣ ካላስጣሰ እንደ ሪኔም ያልፋል፣ ኮፒ የሚባል ነገር የለም። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ኮታው ሁለት ዓይነት ነው፣ የስም (የፋይልና የፎልደር) ብዛትና የቦታ። ቦታው ሪፕሊካውን (ተጨማሪ ቅጂዎቹን) ጨምሮ ነው የሚቆጠረው፤ 1 ጊጋ ፋይል 3 ቦታ ከተቀመጠ ከኮታው 3 ጊጋ ይወስዳል። ስም ኮታ 1 የተሰጠው ፎልደር ደግሞ ራሱን ስለሚቆጥር ለዘላለም ባዶ ነው። ይሄን ሰው ለማናደድ ካልሆነ አትጠቀሙበት።

ኤዲተሩ 80 ጊጋውን ሲያዛውር የዋሁ ፕሮግራመር ምን ይጽፋል? መድረሻው ላይ 80 ልጨምር፣ ከመድረሻው ወደላይ ያሉትን ሁሉ ልፈትሽ፣ ካለፈ ደግሞ ከመነሻው 80 ልቀንስ። እስቲ እናስላው። ያለቀ፦ 700 ሲደመር 80፣ 780፣ ከ800 በታች፣ ያልፋል። ወደላይ ስንወጣ ስቱዲዮ አለ፦ 1990 ሲደመር 80፣ 2070። ገደቡ 2000። ተከለከለ! ግን ስቱዲዮ ላይ ምን ተጨመረ? ምንም። 80ው ድሮም እዚያው ውስጥ ነበር። ከጓዳ ወደ ሳሎን ነው የሄደው።

ትክክለኛው መንገድ ሁለቱ የሚገናኙበትን የቅርብ ወላጅ መፈለግ ነው። እዚህ ስቱዲዮ ነው። ከእሱ በታች በመድረሻው በኩል ያሉት ላይ ብቻ ይጨመራል፣ በመነሻው በኩል ያሉት ላይ ብቻ ይቀነሳል። የጋራው ወላጅና ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ አይነካም፣ አይጠየቅምም። ኤችዲኤፍኤስ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። የሚቀነስበት ጎን ደግሞ በፍጹም መከልከል የለበትም። አስተዳዳሪው ገደቡን ዛሬ ዝቅ ቢያደርገውና ፎልደሩ ከገደቡ በላይ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ከውስጡ ማውጣት ሁልጊዜ ይቻል። ይሄ ግልጽ ይመስላል አይደል? ኮዱ ላይ ግን «ከገደብ በላይ ከሆነ ከልክል» የምትል አንዲት ኢፍ ለሁለቱም ጎን ተብላ ትጻፍና ሰው የሞላ ፎልደሩን ማጉደል ያቅተዋል።

ወደ ኮፒው መላ ተመለሱና ይህንኑ ስቱዲዮ አስቡት። 1990 ላይ ሆኖ 80 ኮፒ ሲጀመር 10 ጊጋ እንደጻፈ ስቱዲዮ 2000 ይሞላል፣ ኮፒው ይሞታል። ስለዚህ ኮፒ በሚያደርግ ሲስተም ይህ ዝውውር ቀርፋፋ ነው ብቻ ብለን አንተወውም፤ ጭራሽ የማይቻል ነው። ኤክስኤፍኤስ ላይ ፕሮጀክት ኮታ አይደራረብም፣ አንድ ፋይል አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ግን ዲስኩ ራሱ ሊሞላ ነው ብላችሁ አስቡት፣ ውጤቱ ያው ነው።

«ታዲያ ኤክስኤፍኤስ ለምን እንደ ኤችዲኤፍኤስ አያደርግም?» ተባልኩ። ለአንድ ፋይል ቢሆን ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ቁጥሩን መቀየርና ሂሳቡን ማዛወር ነው። መከራው ፎልደር ሲሆን ነው። ኤዲተሩ የሚያዛውረው ፎልደር ውስጥ ስንት ፋይል እንዳለ ፋይል ሲስተሙ አያውቅም። ድምሩን አልያዘም። ለማወቅ ሙሉውን ዛፍ መውረድ አለበት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር አለበት፣ ያ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው ውስጡ እንዳይጽፍ መያዝ አለበት። አንድ መስመር መፋቅና መጻፍ የነበረው ነገር አንድ ሚሊዮን አይኖድ መንካት ይሆናል፣ ያውም በአንድ ትራንዛክሽን፣ ወይ ሁሉም ወይ ምንም። ስለዚህ ኤክስኤፍኤስ ላይ ኢኤክስዴቭ ማለቱን እኔ አልኮንነውም። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ስሞቹ በሙሉ ኔምኖዱ (ስሞቹን የሚይዘው ዋናው ሰርቨር) ሜሞሪ ውስጥ ስላሉና ፋይሎቹ የፕሮጀክት ቁጥር ስላልለጠፉ መቁጠሩ ይቀላል።

ሴፍኤፍኤስ፣ ብዙ ሰርቨር ላይ የሚሰራው ፋይል ሲስተም፣ ግን ሌላ ነው። እሱ ለእያንዳንዱ ፎልደር ከስሩ ያለውን ድምር ይዞ ይሄዳል፣ የፎልደሩን መጠን ብትጠይቁት ዛፉን ሳይወርድ ይነግራችኋል። ሆኖም የሊኑክስ ከርነል ክላየንቱ (በተጠቃሚው ማሽን ሆኖ ሰርቨሮቹን የሚያናግረው) ለተወሰነ ጊዜ ኮታቸው በተለያየ ፎልደሮች መሃል ሪኔም ሲጠየቅ በደፈናው ኢኤክስዴቭ ይል ነበር። በሊኑክስ 5.8፣ በ2020 ተስተካክሎ ነበር፦ ድምሩን አይቶ መድረሻው ላይ የሚበቃ ቦታ ካለ ያሳልፍ ነበር። ድምር የያዘ ሲስተም እንዲህ ነው ማድረግ ያለበት። ለውጡ ግን ብዙም ሳይቆይ ተሻረ፣ አሁን ቦታ በቃም አልበቃም ኢኤክስዴቭ ነው የሚለው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፤ ቦታ ባይበቃም ኤምቪ ይህን ሲሰማ ኮፒ ይጀምራል። ትንሽ ጽፎ፣ ኮታ ላይ ተጋጭቶ፣ ቁርጥራጭ ትቶ ይቆማል። «ኮታ አልቋል» ብሎ መጀመሪያውኑ መመለስ ይሻል ነበር። የሴፍ ኮታ ደግሞ ልብ በሉ፣ በክላየንቱ ፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው፣ የራሱን ሰነድ ካነበባችሁ በግልጽ ተጽፏል። ክፉ ክላየንትን አያቆምም። ጥሩውንም ቢሆን ገደቡን ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ነው የሚያቆመው።

እሺ፣ ስሌቱ ገባን። አሁን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣስ?

ያለቀ ላይ 100 ጊጋ ቦታ አለ። ሁለት ኤዲተሮች በተመሳሳይ ሰከንድ እያንዳንዳቸው 80 ጊጋ ያዛውራሉ። የመጀመሪያው ይፈትሻል፣ ይበቃል። ሁለተኛውም ይፈትሻል፣ ይበቃል። ሁለቱም ያልፋሉ። ያለቀ 860 ሆነ፣ ገደቡ 800። ስለዚህ መፈተሽና ማስመዝገብ አንድ ላይ፣ በአንድ ሎክ (ሌላው እስኪጨርስ የሚያስጠብቅ ቁልፍ) ስር መሆን አለባቸው። መጀመሪያ 80ው መድረሻው ላይ ይያዛል፣ ከዚያ ስሙ ይዛወራል፣ በመጨረሻ ከመነሻው ይቀነሳል። ሪኔሙ በሌላ ምክንያት ከከሸፈ የተያዘው ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ መጀመሪያ ከመነሻው ከቀነሳችሁ ነገሩ እንደ መሸኛ ይሆናል፦ ከድሮው ወረዳ ፋይላችሁ ተዘግቶ ወጥቷል፣ አዲሱ ወረዳ ገና አልመዘገባችሁም፣ እስከዚያ የማንም አይደላችሁም። በዚያች ክፍተት ሌላ ሰው ፉቴጅ ውስጥ የተለቀቀውን ቦታ ሊሞላው ይችላል። ያኔ ሪኔሙ ከከሸፈ 80ው የሚመለስበት የለውም።

ሎክ ሲባል ደግሞ ሁለት ሂሳብ ነው የሚቆለፈው። አንዱ ከፉቴጅ ወደ ያለቀ፣ ሌላው ከያለቀ ወደ ፉቴጅ ሲያዛውር፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ መነሻውን ከቆለፈ ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። መላው የታወቀ ነው፣ በቁጥር ቅደም ተከተል መቆለፍ፤ ማን መነሻ ማን መድረሻ እንደሆነ ሳይታይ ትንሹ ቁጥር ሁሌም መጀመሪያ።

መብራትስ? መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ የይስሙላ ነው፣ ሰርቨሩ በሪኔሙ መሃል ጠፋ። ስሙ ጆርናል (ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘገብበት ማስታወሻ) ላይ ተጽፎ ኮታው ካልተጻፈ፣ ሲነሳ ሂሳቡ 80 ጊጋ ተሳስቶ ይነሳል። ማንም አይናገርም፣ ኤረር የለም። ወራት ቆይቶ አንዱ «ፎልደሬ ባዶ ነው ግን ሞልቷል ይለኛል» ይላል። ስለዚህ የስሙ ለውጥና የኮታው ለውጥ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መግባት አለባቸው።

ነባር ፋይል ላይ የሚያርፍ ሪኔምም አለ፣ እና ይሄ በቀን ስንት ጊዜ ይደረጋል መሰላችሁ። ብዙ ፕሮግራም ሴቭ ሲያደርግ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፎ ከዚያ በአሮጌው ላይ ሪኔም ያደርጋል። ኮታው የሚያየው ልዩነቱን መሆን አለበት፦ የሚመጣው ሲቀነስ የሚጠፋው። ግን የሚጠፋው በእርግጥ ይጠፋል? ሌላ ፕሮግራም ከፍቶት ከሆነ ስሙ ይሄዳል እንጂ ብሎኮቹ እስኪዘጋ ድረስ አይለቀቁም። ሌላ ሃርድ ሊንክ (ሁለተኛ ስም) ካለውም አይለቀቁም። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ አሮጌውን ቪዲዮ እያጫወተ በላዩ ላይ አዲሱ ሪኔም ቢደረግ፣ ለጊዜው ሁለቱም ዲስኩ ላይ አሉ። «አሮጌው ይቀነሳል» ብሎ አስቀድሞ የቆጠረ ኮድ በአየር ላይ ያለ ቦታ ሰጠ ማለት ነው። እና በነገራችን ላይ ኮታው ጫፍ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ፋይል ከፍቶ አንዲት ፊደል አርሞ ሴቭ ሲል የሚከለከለው ለዚሁ ነው፤ ጊዜያዊው ፋይል ሙሉውን እንደገና ይጽፋል።

ስለ ትራሽም ተጠየቅኩ፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ማጥፋት ብዙ ቦታ ሪኔም ነው። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ትራሽ ከበራ የምታጠፉት ፋይል የሚሄደው እናንተው ሆም ውስጥ ወዳለ የትራሽ ፎልደር ነው። ፋይሉ ሆም ውስጥ ከነበረ ኮታው ስንዝር አይቀንስም። ከሌላ ቦታ ከነበረ ደግሞ የሆም ኮታው ይጨምራል፣ ሆም ከሞላ ሪኔሙ ይከለከላል፣ ማለትም ቦታ ስለሌለ ማጥፋት አትችሉም። ለዚህ ነው «ስኪፕትራሽ» የሚለውን ተጠቀም የሚል ምክር አብሮ የሚመጣው። ምክሩ ይሰራል፣ ግን መልሶ ማግኘት የለም፣ ትዕዛዙን ሁለቴ አንብባችሁ ኢንተር በሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት ልጅ ነበር፣ ካዛንቺስ አካባቢ የአንድ ትንሽ ቢሮ ሰርቨር የምትይዝ። «እኔ ሴፍም ሃዱፕም የለኝም፣ አንድ ኤክስኤፍኤስ ዲስክ ነው ያለኝ፣ ምን ላድርግ?» አለች። ፎልደር ስትከፍዪ ቁጥሩን በፎልደር ስም አትስጪ፣ ፋይሎች በሚሄዱበት መንገድ ስጪ አልኳት። ፉቴጅና ያለቀ ፋይል የሚለዋወጡ ከሆነ ሁለቱም አንድ የፕሮጀክት ቁጥር ይያዙ፣ አንድ የጋራ ገደብ። ያኔ ሪኔሙ ሪኔም ሆኖ ይቀራል። የተለያየ ቁጥር መስጠት ያለብሽ እርስ በርስ ለማይለዋወጡ፣ ለምሳሌ ለሂሳብ ክፍሉና ለስቱዲዮው ነው። ሁሉም ፎልደር ላይ የማውረስ ምልክቱ መኖሩንም እይ፣ አንዱ ከቀረ በዚያ በኩል ያልተቆጠረ ፋይል ያመልጣል። ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ገብተሽ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) በዪ። ገደብ የተሰጠው ፎልደር ከሆነ የሚያሳይሽ የዲስኩን ሙሉ መጠን ሳይሆን የፕሮጀክቱን ገደብ ነው። ሙሉውን ዲስክ ካሳየሽ ወይ ኮታው አልበራም ወይ ምልክቱ አልተደረገም።